አየር የጎረሰው ሞተር

ኧረ ስሙኝማ! ነፋስ መውጫ ያላችሁ፣ አርብ ገበያ ያላችሁ፣ ወገዳ ያላችሁ፣ መካነ ኢየሱስ ያላችሁ፣ ቡናው እስኪፈላ ጆሯችሁን ስጡኝ። የዛሬው ትረካ የሞተር ጀልባ ነገር ነው። «እኛንና ጀልባን ምን አገናኘን? የእኛ ነገር ገብስና ድንች አይደል?» የሚል ካለ ይታገሰኝ። ጉና ራሱ ባለ ውሃ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ተኮፍሶ የዘነበለትን ለሦስት ያካፍላል፤ አንዱን ለተከዜ፣ አንዱን በበሽሎ በኩል ለዓባይ፣ አንዱን ደግሞ በጉማራና በርብ ለጣና። ይቺን ክፍፍል ያዙልኝ፤ ኋላ ለክርክር ትፈለጋለች።

ጀልባም ቢሆን አገራችንን ጨርሶ አያውቃትም አይባልም። በ1960 ዓ.ም. ማብቂያና በ1961 መግቢያ፣ ጃንሆይ ፈቅደውለት፣ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የሚባል የእንግሊዝ መኮንን ጓደኞቹን አስከትሎ ዓባይን በጀልባ ሊወርድ መጣ። ከሻፋርጣቅ ድልድይ በታች ያለውን ሞተር በተገጠመላቸው የጦር ጀልባዎች ወረዱት። ከጣና እስከ ሻፋርጣቅ ያለው ግን፣ ማለት በእኛው በእስቴና በስማዳ ግርጌ የሚያልፈው፣ እንዲያ የሚቀለድበት አይደለም። የጎማ ጀልባ በአየር ነፍተው፣ መቅዘፊያ ጨብጠው፣ ጀልባው እንቢ ያለበትን በእግር እየተንጠላጠሉ ነው ያለፉት። ከመካከላቸው ኮርፖራል ኢያን ማክሊዮድ የሚባለው አባያ የተባለውን ገባር ሲሻገር ውሃ ወስዶት ቀረ። እስቴዎች ደግሞ ሰባራ ድልድይን ታውቁታላችሁ፤ የፋሲል ዘመን ድልድይ፣ መካከሉ በጣሊያን ጊዜ ተቆርጦ፣ ስንቱ በገመድ እየተጎተተ ወደ ሞጣ የተሻገረበት። እኛ ውሃን የምናውቀው እንዲህ ነው፤ ገመድ ይዘን፣ ስመ ሥላሴ ጠርተን። ሞተር አስነስቶ ውሃ ላይ መሽከርከር የባሕር ዳር ሰው ሥራ ነው።

ታዲያ አንድ የስማዳ ሰው ነበር። እስኪጎረምስ ድረስ እርፍ ጨብጦ አርሷል፤ ከዚያ ባሕር ዳር ወረደ። መጀመሪያ የቀን ሥራ፣ ቀጥሎ ጋራዥ ውስጥ ቁልፍ ማቀበል፣ ኋላ ጣና ዳር የጀልባ ሞተር መፍታትና መግጠም። ሌላው መካኒክ መጀመሪያ መፍቻ ሲያነሳ እሱ መጀመሪያ ዝም ይላል። ይሰማል። ይኼ ጠባዩ ባለ ጀልባዎቹን ያበግናቸው ነበር፤ ዝምታው ይቆጥርብናል እያሉ።

ባለ ጀልባዋ ደግሞ እስቴ ተወልዳ ባሕር ዳር ያገባች ሴት ናት። ባሏ ነጂ ነበር፤ ሲሞት ጀልባዋ ለእሷ ቀረች። ከላሜራ የተበየደች፣ የጥላ ሸራ የተወጠረባት ጀልባ ናት፤ ከኋላዋ ባለ 40 ፈረስ ጉልበት ያረጀ ሞተር ተንጠልጥሏል፤ ያ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተበጥብጦ የሚጠጣው፣ ጢሱ ከሩቅ የሚለየው ዓይነት። ባልየው ከሞተ በኋላ አንድ ወጣት ነጂ ተቀጠረ፤ ሥራቸው ተሳላሚ ጭኖ ወደ ጣና ቂርቆስ ማመላለስ ነው። ጣና ቂርቆስን ታውቋታላችሁ፤ ታቦተ ጽዮን አክሱም ከመግባቷ በፊት አርፋባታለች የምትባለዋ ደሴት። ያለችው በምሥራቁ ዳር፣ ጉማራ ሐይቁን ከሚቀላቀልበት አጠገብ ነው።

ወሩ ጥቅምት ነው። ሐይቁ ክረምቱን ጠጥቶ ሞልቷል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነስቶ ማዕበሉ ነጭ ጥርሱን ሲያሳይ፣ ጀልባዋ ከነተሳላሚዋ መሀል ሐይቅ ላይ ጮኸች። ሞተሩ ድምፁ ሽቅብ ወጣ፣ ሰማይ ሊቀድ ደረሰ፤ ጀልባዋ ግን ቆመች ማለት ይቻላል። ወጣቱ ነዳጅ ሲጨምር ጩኸቱ ይብሳል፣ ጉዞው ያንሳል። ቀነስ ሲያደርግ ትንሽ ትራመዳለች። እንደገና ሲጨምር እንደገና ያው። የምሽት መብራት ከታየ በኋላ ነው የገቡት፤ አሮጊቶቹ ስዕለት ተስለው፣ ካህኑ ውዳሴ ማርያም ደግመው።

በማግስቱ ወደብ ላይ የሚፈርደው በዛ። አንዱ «ቤንዚኑ ውሃ ገብቶበታል» አለ። ሌላው «ካንዴላው ነው፣ ቀይሩት»። ሦስተኛው ካርቡሬተሩን ማውረድ ጀምሮ ነበር። አንድ ሽማግሌ አሳ አጥማጅ ደግሞ የሐይቁ ባለቤት ተቆጥቷል፣ ጠበል ይረጭበት አሉ። ከሁሉ ርካሹ የሳቸው ነበር። ስማዴው ደረሰና ሰማቸው። ከዚያ እንዲህ አለ፤ «እትዬ፣ የታመመ ሞተር ድምፁ ይወርዳል። የእርስዎ ሞተር እኮ ድምፁ ወጣ። ጉልበት ያነሰው ሳይሆን የሚገፋው ያጣ ነው።»

እዚህ ላይ ቆም ልበልና ላስረዳ፤ ደገኛ ይገባዋልና። በሬ ጠምዳችሁ ስታርሱ፣ እርፉ ከእጃችሁ ላላ ብሎ ማረሻው ከአፈር ሲወጣ በሬዎቹ ምን ይሆናሉ? ድንገት ቀሏቸው ወደፊት ይስፈነጠራሉ። በሬ በርትቶ ሳይሆን ማረሻው ባዶ ስለሄደ ነው፤ ትልሙም አልተቀደደም። የሞተሩ ፕሮፔለርም ውሃ ውስጥ ሲሽከረከር ውሃውን እየያዘ ወደ ኋላ ይወረውራል፣ ጀልባው ወደፊት ይሄዳል። አየር ወደ ክንፎቹ ከደረሰ ግን የሚይዘው ነገር የለም፤ ሞተሩ ቀሎት ይፈተለካል፣ ጀልባው ባለበት ይቀራል። ነዳጁን ቀነስ ሲያደርጉት ውሃው ተመልሶ ይከበዋል፣ እንደገና ይነክሳል። ወጣቱ መሀል ሐይቅ ላይ ያየው ይህንኑ ነው። አራሽ የነበረው መካኒክ ይህን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገውም።

ሆኖም ቸኩሎ አልፈረደም። ፕሮፔለሩ ከዘንጉ ጋር የሚያያዘው መሀሉ ባለ ጎማ ነው፤ ድንጋይ ቢመታ ማርሹ እንዳይሰበር ጎማው ይንሸራተትለታል። ጎማው ሲያረጅ ግን ድንጋይ ሳይመታም ይንሸራተታል፤ ያኔም ሞተሩ ይጮሃል፣ ጀልባው አይሄድም። ሁለቱን በሽታ በጆሮ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ቀለም ነክሮ፣ ከመሀለኛው ብረት እስከ ውጨኛው አካል ድረስ አንድ ቀጥ ያለ መስመር አሰመረ። ጀልባዋን አስነስቶ አስጮኻት፣ አስጎተታት፣ መለሳት። ሞተሩን አንስቶ አየ፤ መስመሩ እንዳለ ነው፣ አልተሰበረም። ጎማው ነፃ ወጣ።

ቀጥሎ ፕሮፔለሩን ፈታ። ከኋላው በዘንጉ ላይ የተጠመጠመ የናይለን መረብ ክር አገኘና በቢላ አራገፈው። ይኼ በራሱ አደገኛ ነው፤ ክሩ የማርሽ ቤቱን ጎሚኒ ከበላው ውሃ ወደ ዘይቱ ይገባል። እምቦጭም እንዲሁ ይጠመጠማል፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን ምሥራቁ ዳር ተንሰራፍቶ ስንቱን ነጂ አስለቅሷል። በዚህኛው ላይ ግን እምቦጭ አልተገኘም፤ ክሩ ወጥቶም ጩኸቱ አልቀረም።

ከዚያ ክንፎቹን በአውራ ጣቱ ዳበሰ። የሚፈልገው የተበላ ነገር ነበር፤ ምስጥ እንደሞከረው ዓይነት ጥቃቅን ጉድጓድ። ይኼ ደግሞ ሌላ በሽታ ነው፣ ብዙ ሰው ከአየሩ ጋር ያምታታዋል። ፕሮፔለር በኃይል ሲፈተል በክንፉ ፊት ያለው ውሃ ግፊቱ ወርዶ፣ ሳይሞቅ ይፈላል። አትሳቁ፤ ውሃ የሚፈላበት ሙቀት በግፊት ይወሰናል። ጣና 1,786 ሜትር ላይ ስላለ ውሃው የሚፈላው በ94 ዲግሪ ግድም ነው፤ ነፋስ መውጫ ላይ ከዚያም ይወርዳል፤ ባቄላችሁ አልበስል ብሎ እንጨት የሚጨርሰው ለዚህ ነው። ግፊቱን ይበልጥ ከቀነሱት ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃም ይፈላል። ቻርልስ ፓርሰንስ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በፈረንጆቹ 1894 ተርቢኒያ የምትባል መርከብ ሠርቶ ቢያስነሳት እንዳሰበው አልሮጠችለትም። ፕሮፔለሯ ውሃውን እያፈላ ጉልበቱን በከንቱ ጨረሰበት። ኋላ በሦስት ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት፣ በጠቅላላው ዘጠኝ ፕሮፔለር ቢያደርግላት በ1897 በንግሥት ቪክቶሪያ የመርከብ ሰልፍ መካከል ከሁሉ ፈጥና ታየች። ያ የፈላ ውሃ አረፋው ሲፈነዳ ብረት ይበላል። የስማዴው ጣት ግን የተበላ ነገር አላገኘም። አንዱ ክንፍ ጫፉ ትንሽ ታጥፎ ነበር፤ በመዶሻ አቃንቶ በሞረድ አለሰለሰው። የጭስ መውጫው ቀለበትም ደህና ነው፤ እሱ ተሰብሮ ቢሆን ጭሱ ራሱ ወደ ክንፎቹ ይሳብና ሞተሩ የገዛ ትንፋሹን ይጎርስ ነበር።

እንግዲህ የቀረው አየር ነው። አየር ደግሞ ከላይ ነው የሚመጣው።

በነገራችን ላይ አየርና ውሃን አቀላቅሎ መሥራትስ የሚችል መንኮራኩር አለ። አፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. ጣና ዳር ሰፍረው ሳለ፣ የፈረንጅ መርከብ በምን እንደሚሄድ ጠይቀው፣ በትልልቅ የደንገል ጀልባዎች ጎን መንኮራኩር አስገጥመው በሰው ክንድ ሲያዞሩ እስረኞቻቸው የነበሩት እንግሊዞች አይተው ጽፈዋል። የዚያ ዓይነት መንኮራኩር ግማሹ አየር ላይ፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ ነው የሚሠራው፤ አየር አያስቀይመውም። ንጉሡ ሞተር ቢያገኙ ምን ያደርጉ እንደነበር እንጃ! ከሁለት ዓመት በኋላ ሴባስቶፖልን ያህል መድፍ ከደብረ ታቦር በጋይንት አድርገው፣ ገደሉን አስጠርበው፣ በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ ያስጎተቱ ሰው ናቸው። የጋይንት ሰው የዚያን መንገድ ወሬ ከአያቱ ሰምቷል። የሚንጠለጠለው ሞተር ግን ገና አልተወለደም ነበር፤ ኦሌ ኤቪንሩድ የሚባለው ኖርዌይ ተወላጅ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ያወጣው በፈረንጆቹ 1909 ነው።

ወደ ስማዴው እንመለስ። ከፕሮፔለሩ በላይ፣ ከሞተሩ እግር ጋር አብራ ቀልጣ የተሠራች ጠፍጣፋ ዝርግ አለች። ሥራዋ ክዳን መሆን ነው፤ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ስቦ እንዳያወርድ ትከለክላለች። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ዝርጓ ከጀልባው ወለል ጋር እኩል ትሁን፣ ወይም ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ትበል። እንዲያውም የሞተሮቹ እግር በተለያየ ርዝመት የሚመጣው ለዚህ ነው፤ አጭሩ 38፣ ረጅሙ 51 ሳንቲ ሜትር ለሚሆን የኋላ ግድግዳ። ስማዴው ጀልባዋን ወደ ዳር አስወጥቶ ቀጥ ያለ ጣውላ ከወለሏ በታች አስደገፈና ወደ ኋላ አሳለፈው። ጣውላው ከዝርጓ በታች ሦስት ጣት ወርዶ አለፈ። ዝርጓ ከወለሉ በላይ ናት ማለት ነው። ክዳኑ ከድስቱ ላይ ተነስቷል።

«እትዬ፣ ይህን ሞተር ማን ነው ያነሳው?»

ሴትዮዋ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ የኋላ ግድግዳው ጫፍ ላይ፣ ሞተሩ የተቀመጠባትን አራት ጣት የምትወፍር የዋንዛ ጣውላ አሳየችው። «እሱ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። በዘጠና አምስት።»

1995 ዓ.ም. ጣና ዳር የኖረ ሰው የሚረሳው ዓመት አይደለም። ሐይቁ ከ1,785 ሜትር በታች ወርዶ መርከቦቹ ለአራት ወር ያህል መንቀሳቀስ አቅቷቸው ነበር። ጥልቀቱ በአማካይ 8 እና 9 ሜትር ግድም በሆነ ሐይቅ ላይ አንድ ሜትር መጉደል ማለት ዳሩ ሁሉ ጭቃ መሆን ነው። ባልየው በጉማራ አፍ ሲያልፍ ፕሮፔለሩ ደለል እየቆፈረበት ቢቸገር፣ ሞተሩን በዋንዛ ከፍ አደረገው። ብልህ ሰው ነበር። ለሱ ሠርቶለታልም፤ ቀስ ብሎ ነጂ ነበርና። ፕሮፔለር ቀስ ብሎ ሲዞር አየር የሚስብበት ጉልበት የለውም። ሞት መጣ፣ ወጣቱ ነጂ ተቀጠረ፣ የነዳጁ እጀታ እስከ ጥግ ተጠመዘዘ።

ያም ብቻ አይደለም። ስማዴው አጎንብሶ ወለሉን ሲያይ፣ በክረምቱ የተበየደ አዲስ ልጣፊ አገኘ፤ ልክ ከፕሮፔለሩ ፊት ለፊት፣ ብየዳው እንደ እባጭ አብጦ። ጀልባዋ ስትሮጥ ያ እባጭ ውሃውን እየሰነጠቀ አረፋ ይለቅበታል፤ አረፋው ቀጥ ብሎ ወደ ክንፎቹ ይሄዳል። በዚያ ላይ ተሳላሚው ፀሐይ ሽሽት ከፊት ሸራው ሥር ይታጨቃል። ፊቷ ሲከብድ ኋላዋ ይነሳል፣ ማዕበል ሲያልፍ ደግሞ ጭራሽ ፕሮፔለሩ ብቅ ይላል። አንዱ ጥፋት ለብቻው ቢሆን ምናልባት ማንም አይሰማውም ነበር፤ ጥቅምት ላይ ሁሉም በአንድ ነፋስ ተገናኙ።

«ጉዳቱ ማርፈድ ብቻ ቢሆን ደግ ነው፣» አላት። «ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከዚያው ከእግሩ በሚስበው ውሃ ነው። እግሩ አየር ከሳበ ፓምፑ ደርቆ ጎማው ይቃጠላል፣ ቀጥሎ ራሱ ፒስተኑ ይነክሳል። በጎኑ የሚፈሰው ውሃ ሲቆራረጥ አላዩም?» ወጣቱ ነጂ ወደ መሬት አየ። አይቶ ነበር።

«አንድ ነገር ልጠይቅ፣» አለ ወጣቱ፣ ጥፋቱን ለማካፈል ሲል። «ፕሮፔለሩን በትልቅ ብንቀይረውስ? ጉልበቱ አነሰ እኮ።» ስማዴው ሳቀበት። ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር በየ300 ሜትሩ ከመቶ ሦስት እጅ ያህል ጉልበት ያጣል፤ ፋብሪካ 40 ያለው ጣና ላይ 33 ግድም ነው። ርምጃው የረዘመ ፕሮፔለር ቢያስሩለት መጎተት ያቅተዋል፤ እንዲያውም የሚሻለው ርምጃው ያጠረ ነው። እዚህ ላይ እኔ ተራኪው የራሴን ልጨምር፦ ባሕር ዳር ላይ «ትልቅ ግጠምለት» የማይል ነጂ አላጋጠመኝም።

ሥራው ከዚያ በኋላ ቀላል ነበር። እባጩን በሞረድና በድንጋይ እስኪለሰልስ ፈገፈገ። ሞተሩ ወደ ጀልባው እንዲጠጋ የማዘንበያውን ፒን አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ አስገባ፤ ያኔ ፕሮፔለሩ ጠለቅ ይላል። ተሳላሚው ወደ ኋላ እንዲቀመጥ፣ ሲታጠፉ ነዳጅ እንዲቀነስ ለወጣቱ ነገረው። የቀረችው ዋንዛዋ ናት። እሷ ላይ ሴትዮዋ ክችች አለች።

«የሱ እጅ ያረፈበት ነው፤ አይነሳም።»

«እትዬ፣ ሳይነሳ አይድንም።»

«ሲነሳስ ደለሉ? በጋ ላይ ጉማራ አፍ ስንደርስ ትከፍልልኛለህ?»

ይኼ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ ስማዴውም አልናቀውም። ጉማራና ርብ ከጉና ሲወርዱ ክረምት ክረምት አፈር ነው የሚመስሉት፤ አፋቸው ላይ ሲደርሱ አራግፈውት ምላስ መሳይ አዲስ መሬት ወደ ሐይቁ ይዘረጋሉ። ሞተሩን ካወረዱት ደለል ይቆፍራል፤ ካነሱት አየር ይጎርሳል። ስማዴው ግን ሞተሩ ጎን ላይ ያለችውን አሮጌ መያዣ አሳያት፤ ጥልቀት ለሌለው ውሃ ተብላ የተሠራች፣ ሞተሩን ከፊል አንስታ የምትይዝ፣ ከዝገት ብዛት ሁሉም የረሳት። ዘይት ቀብቶ አንቀሳቀሳት። «ደለሉ ላይ ሲደርሱ በዚች ያንሱት፣ ቀስ ብለው ይለፉ። ጥልቁ ላይ ሲወጡ ያውርዱት። ዋንዛዋ ይህን ታደርግ የነበረው ዓመቱን ሙሉ ነው፤ የሚያስፈልገው ግን ለአንድ ቦታ ነው።»

ከዚያ ፈገግ አለና ጨመረ፤ «ደግሞ እትዬ፣ ስለ ደለሉ እኔን አይክሰሱኝ። እኔ ስማዳ ነኝ፤ የእኛ አፈር በበሽሎና በዓባይ ነው የሚሄደው፣ ጣናን አይቶትም አያውቅ። ጉማራ የማን ነው? የእስቴና የፋርጣ! ባልዎ ያን ዋንዛ ያስቀመጡት የእርስዎ ወንድሞች አቀበት ላይ ባረሱት አፈር ምክንያት ነው።»

ሴትዮዋ የመጀመሪያዋን ሳቅ ሳቀች። ዋንዛዋ ተነሳች፤ ዝርጓ ከወለሉ አንድ ጣት ዝቅ አለች። ጀልባዋ ወጣች፤ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ እያለ፣ ሆን ተብሎ። ወጣቱ እጀታውን ጠመዘዘው። ሞተሩ ድምፁን ወፍራም አድርጎ ያዘ፣ ኋላዋ ተቀመጠ፣ ፊቷ ተነሳ፣ ሄደች። ማዕበል ላይ አንድ ሁለቴ አፏጨች፤ አሮጌ ሞተር ነው፣ ያን ያህሉን ይፈቀድለት።

ሂሳብ ላይ ግን ተጣሉ። እሱ የጠራው ዋጋ የጆሮውንም ጨምሮ ነበር። እሷ ቦርሳዋን ከፈተችና ግማሹን ቆጥራ ሰጠችው።

«ግማሹ የት አለ፣ እትዬ?»

«ደለሉ የእስቴ ነው አላልክም? የእስቴን ከፍያለሁ። የቀረውን የእናንተ አፈር የሕዳሴውን ግድብ ሲሞላው፣ ከስማዳ ሰብስብ።»

«እትዬ፣ ይኼማ ግፍ ነው!»

«ዋንዛዋንም አምጣት። ለመሳፈሪያ መርገጫ ትሆነኛለች።»